ከጎጃም ወደ አውሮፓ፦ ለአራስ ጥየቃ የሸንገን ቪዛ ምን ምን ይጠይቃል?

የአዴት ልጅ ጻፈች፦

እንዴት ሰነበታችሁ። ጥያቄዬ ለአንዲት እናት ነው። አዴት አካባቢ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፣ 61 ዓመታቸው ነው። ልጃቸው ጀርመን ልትወልድ ስለሆነ አራስ ሊጠይቁ ለሁለት ወር መሄድ ይፈልጋሉ። ፓስፖርት አላቸው። ደመወዝ ግን የላቸውም፣ ባንክ ያለው ገንዘብም ትንሽ ነው። አንድ ደላላ «500 ሺህ ብር በስምዎ እናስገባለን፣ ወረቀቱንም እኛው እንጨርሳለን» ብሏቸዋል። ከምን ይጀምሩ? ኤምባሲው በዋናነት የሚያየውስ ምኑን ነው?

---

ጮቄ መለሰ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ ደላላውን ይተዉት። ለምን እንደሆነ ገንዘቡ ጋ ሲደረስ ይነገርሻል።

ጊዜውን እናስላ፣ ብዙ ሰው የሚበላሸው እዚህ ነው። የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በአንድነት የሚያገለግለው የአጭር ቆይታ ቪዛ፣ ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል። ለአብዛኛው ሌላ አገር ሰው መደበኛው የውሳኔ ጊዜ 15 ቀን ነው። ለኢትዮጵያዊ ግን እንደዚያ አይደለም። የአውሮፓ ህብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ባሳለፈው ውሳኔ የእኛ ማመልከቻ መደበኛ የውሳኔ ጊዜ 45 ቀን ሆኗል። ምክንያቱ ህብረቱ «ኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቿን ለመቀበል በበቂ አልተባበረችም» ማለቱ ነው። ያው ውሳኔ ሌላም ነገር ይዞ መጥቷል። ብዙ ጊዜ የሚያስገባና የሚያስወጣ ቪዛ ለእኛ አይሰጥም፣ አንዴ ገብቶ አንዴ መውጣት ብቻ ነው። ከዚህ በፊት ቪዛ አግኝቶ በሰዓቱ ለተመለሰ ሰው ይደረግ የነበረው የሰነድ ማቅለልም ቀርቷል። ስለዚህ «ከጥቂት ዓመት በፊት የሄደችው ጎረቤቴ ይህን አልተጠየቀችም» የሚለው ወሬ አይሠራም። ሁሉም ሰው ሙሉ ሰነድ ያቀርባል።

45 ቀኑ የሚቆጠረው ፋይሉ ከገባበት ቀን ነው፣ ቀጠሮ ከተያዘበት አይደለም። ቀጠሮው ራሱ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ፓስፖርቱም በዚያ ሁሉ ጊዜ እነሱ ጋ ነው። ልጅቱ የምትወልደው በመስከረም ከሆነ የሰነድ ማሰባሰቡ በሚያዝያ መጀመር አለበት፤ ሐምሌ ላይ የተጀመረ እንደሆነ ሕፃኑ ክርስትና ከተነሳ በኋላ ነው የሚደርሱት።

ማመልከቻው የሚገባው አዲስ አበባ ላለው ለሚሄዱበት አገር ኤምባሲ ወይም ኤምባሲው ለወከለው የማመልከቻ ማዕከል ነው። ለእኚህ እናት ጀርመን ማለት ነው። «የእገሌ አገር ይቀላል» ተብሎ በሌላ አገር አመልክቶ ጀርመን መውረድ በድንበር ላይ ጥያቄ ያመጣል። ሁለት ሦስት አገር የሚጎበኝ ሰው ደግሞ ብዙ ቀን ለሚቆይበት አገር ያመለክታል፣ ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለሚገባበት።

ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላልሞላ ልጅ 45 ዩሮ፣ ከ6 ዓመት በታች ነፃ። ማዕከሉ የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራል፣ ይህም በህጉ መሠረት ከቪዛው ክፍያ ግማሽ መብለጥ የለበትም። ቪዛው ቢከለከል አይመለስም።

ፓስፖርቱን አሁኑኑ ገልጠሽ እይ። ከአውሮፓ ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል፣ ከወጣ 10 ዓመት ያልሞላውና ቢያንስ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። ይህን ያላሟላ ፓስፖርት ይዞ ከአዴት አዲስ አበባ መውረድ ከንቱ ድካም ነው።

---

ዳሞት መለሰ፦

ጮቄ በጊዜው ላይ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ወደ ገንዘቡ ልግባ።

ለእናት ጥየቃ ዋናው መንገድ የልጅቱ የግዴታ ወረቀት ነው። ጀርመኖቹ ፈርፕፍሊሽቱንግስኤርክሌሩንግ ይሉታል። ልጅቱ ወይም ባሏ በሚኖሩበት ከተማ የውጭ ዜጎች መሥሪያ ቤት ቀርበው «የእናቴን ወጪ፣ ቢታመሙ ሕክምናቸውን፣ መመለሻቸውንም ጭምር እኔ እሸፍናለሁ» ብለው ይፈርማሉ። መሥሪያ ቤቱ ደመወዛቸውን፣ የቤት ኪራይ ውላቸውንና የመኖሪያ ፈቃዳቸውን አይቶ ነው የሚሰጠው። ክፍያው 29 ዩሮ ነው። ወረቀቱ ዋናው ቅጂ በፖስታ ወይም በሰው እጅ መምጣት አለበት፣ በቴሌግራም የተላከ ፎቶ አያገለግልም። ከተሰጠ በኋላ ለቪዛ የሚያገለግለው 6 ወር ስለሆነ የቀጠሮው ነገር ሳይታወቅ ቸኩለው አያውጡት።

ይህ ወረቀት ካለ የእናትየው የባንክ ሒሳብ ትንሽ መሆኑ ብቻውን አይጥላቸውም። ጀርመን ለአንድ ቀን የምትገምተው የመተዳደሪያ ገንዘብ 45 ዩሮ ነው። ለ60 ቀን 2,700 ዩሮ ማለት ነው፣ ይህንን የልጅቱ ፊርማ ተሸከመው። ያለ ስፖንሰር በራሱ ገንዘብ የሚሄድ ሰው ግን ማስላት ያለበት እንዲህ ነው፦ ወደ ኔዘርላንድ ከሆነ በቀን 55 ዩሮ፣ ወደ ፈረንሳይ ሆቴል ይዞ ከሆነ በቀን 65፣ ሆቴል ሳይዝ 120።

አሁን ደላላው። የባንክ ስቴትመንት ላይ መርማሪው የሚያየው የመጨረሻውን ድምር አይደለም፣ መስመሮቹን ነው። ለአምስት ወር 3 ሺህ፣ 1 ሺህ 500፣ 4 ሺህ ብር ሲገባና ሲወጣ የኖረ ሒሳብ ከቀጠሮው አራት ቀን በፊት 500 ሺህ ብር ከማያውቁት ሰው ሲገባበት ገጹ ራሱ ይናገራል። በማግሥቱ ስልክ ቢደወልና «ይህ ገንዘብ ከየት ነው?» ቢባሉ እኚህ እናት ምን ይመልሳሉ? ሐሰተኛ ወረቀት ከሆነ ደግሞ የሚቀረው በዚያ ኤምባሲ ብቻ አይደለም። ውሳኔው በሸንገን አገሮች የጋራ የቪዛ መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ ነገ ለጣሊያንም ለስዊድንም ሲያመለክቱ ይታያል። የ61 ዓመት እናት በሕይወታቸው አንዴ የሚያዩትን የልጅ ልጅ በደላላ ብር ማስቀረት ግፍ ነው።

የገበሬ ገቢ በወር አይመጣም። እህል የሚሸጠው ከጥር እስከ መጋቢት ነው፣ ሒሳቡም በዓመት አንዴ ያብጣል። ይህ ሐቅ ስለሆነ መደበቅ የለበትም፣ ማስረዳት ነው። ጤፉን ወይም በቆሎውን የገዛው የገበሬዎች ህብረት ሥራ ማህበር ወይም ነጋዴ የሰጠው ደረሰኝ ይቀመጥ፣ ቀኑና ብሩ ባንክ ከገባው ጋር ይገጣጠም። በአንድ ገጽ ደብዳቤም «በየካቲት የገባው ይህን ያህል ብር የዚህን ያህል ኩንታል ጤፍ ሽያጭ ነው» ተብሎ ይጻፍ። የተብራራ 60 ሺህ ብር ካልተብራራ 500 ሺህ ይበልጣል።

---

ቢቸና ጠየቀ፦

ዳሞት፣ የመሬት ደብተሩስ? ብዙ ሰው «ስድስት ጥማድ መሬት አለኝ» ብሎ ግምቱን በብር አስጽፎ ያቀርባል።

---

ዳሞት መለሰ፦

ግምት አታስጽፉ። መሬት በአገራችን አይሸጥም አይለወጥም፣ ይህን ኤምባሲውም ያውቃል። «የ3 ሚሊዮን ብር መሬት አላቸው» የሚል ወረቀት እንደ ሀብት ሲቀርብ የሌላውንም ሰነድ እምነት ያጎድላል። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ የሚቀርበው ለሌላ ጉዳይ ነው፦ የሚመለሱበት ነገር እንዳላቸው ለማሳየት። ደብተሩ ላይ ስማቸው አለ፣ ቀበሌው አለ፣ የማሳው ስፋት አለ። ይህ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ከቀበሌው ደብዳቤ ጋር ይያያዝ።

የቀበሌው ደብዳቤ ደግሞ «መልካም ዜጋ ናቸው» ብቻ ከሆነ ከንቱ ነው። በዚህ ቀበሌ የሚኖሩ፣ ይህን ያህል ማሳ የሚያርሱ፣ ባለቤታቸውና እነዚህ ልጆቻቸው እዚሁ ያሉ መሆኑን ይጻፍ፣ ቁጥር፣ ቀን፣ ማህተምና የሚነሳ ስልክ ይኑረው።

የሚመለሱበት ቀን ራሱ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ጤፍ ኅዳር ላይ የሚታጨድ ከሆነና ትኬቱ በጥቅምት መጨረሻ መልስ የሚል ከሆነ ነገሩ ስሜት ይሰጣል። በክረምት እርሻ መሐል ሄደው በአጨዳ መሐል የሚቆዩ ከሆነ ግን «ማሳውን ማን ያየዋል?» የሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል። ባለቤታቸው ወይም ልጃቸው ካሉ ይጻፍ።

---

ጣና ዳር መለሰች፦

ስለ ስም ማንም ስላላነሳ እኔ ልናገር፣ የእኛ ሰው በብዛት የሚሰናከለው በዚህ ነውና።

አውሮፓዊ መርማሪ እናትና ልጅን የሚያገናኘው በቤተሰብ ስም ነው። የእኛ ልጅ ደግሞ የአባቷን ስም ነው የምትይዘው፣ እናትየው የራሳቸውን አባት። ሁለቱ ፓስፖርቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድም የሚመሳሰል ስም የለም። ስለዚህ የልጅቱ የልደት ምስክር ወረቀት የግድ ነው፣ የእናት ስም የሚለው ቦታ ላይ ያለው ስም ከእናትየው ፓስፖርት ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። ቀበሌው «ፀሐይ» ብሎ ሲጽፍ ተርጓሚው በእንግሊዝኛ በአንዱ ወረቀት በ«ቲ ኤስ»፣ በሌላው በ«ኤስ» ብቻ ከጻፈው ሁለት ሰው ሆኑ ማለት ነው። ለተርጓሚው ፓስፖርቱን ስጡትና «ስሙን ከዚህ ቅዳ» በሉት። የክርስትና ስምና የቤት ስም ማመልከቻ ውስጥ አይግባ።

ቅጹ ላይ የቤተሰብ ስም የቱ እንደሆነ ከተምታታ የፓስፖርቱን የፎቶ ገጽ ግርጌ ተመልከቱ። እዚያ በማሽን የሚነበቡ ሁለት ረጃጅም መስመሮች አሉ። የላይኛው ላይ ከአገሩ ምልክት ቀጥሎ መጀመሪያ የሚመጣው የቤተሰብ ስም ነው፣ ከዚያ ሁለት ተከታታይ የቀስት ምልክት አለ፣ ከቀስቱ በኋላ ያለው የተሰጠ ስም ነው። ቅጹን ስትሞሉ ያንን ቅደም ተከተል ተከተሉ፣ ትኬቱና ኢንሹራንሱም በዚያው ይውጣ።

ሁለተኛው ቀን ነው። «8 ዓመት ጨምር» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ ልዩነቱ 7 ነው፣ የፈረንጆቹ ዓመት ሲለወጥ 8 ይሆናል። በመስከረም 10 ቀን 1988 የተወለደች ሰው ሴፕቴምበር 21 ቀን 1995 ናት። በጥር 10 ቀን 1988 የተወለደች ደግሞ ጃንዋሪ 19 ቀን 1996። ወረዳው በቸልታ ለሁለቱም 1996 ካለ የልደት ወረቀቱና ፓስፖርቱ ይጣላሉ። ማስተካከያው የሚሠራው እዚያው በወሳኝ ኩነት ነው፣ ቀን ይፈጃል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ይሁን።

ባልና ሚስት አብረው የሚያመለክቱ ከሆነ፦ በቁርባን የተጋቡ ሰዎች ጋብቻቸው በወሳኝ ኩነት ካልተመዘገበ የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ያስመዝግቡት።

---

የአዴት ልጅ ጻፈች፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጥየቃው ለአራስ መሆኑስ እንዴት ይረጋገጣል? ደግሞ እጃቸው በሥራ ብዛት የሻከረ ነው፣ አሻራ አይወጣም ብለው ይሰጋሉ።

---

ጮቄ መለሰ፦

ልጅቱ የእርግዝና መከታተያ ደብተር አላት፣ ሙተርፓስ ይባላል። የመውለጃ ቀን የተጻፈበትን ገጽ ፎቶ ኮፒ ትላክ። በራሷ የተጻፈ የግብዣ ደብዳቤ ይጨመር፦ ማን እንደምትጋብዝ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በየትኛው አድራሻ እንደሚያርፉ። የመኖሪያ ፈቃዷና የፓስፖርቷ ቅጂም። በቅጹ ላይ ዓላማው «ቤተሰብ ጥየቃ» ነው፣ ሌላ አይጻፍ። ሲጠየቁም እውነቱን በአማርኛ በረጋ ድምፅ ይናገሩ፤ ልጄ ወልዳ ላያት ነው፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ ከዚያ ወደ ቤቴ። የተጠና መልስ ያለበት ሰው ከተጠናው ውጭ አንድ ጥያቄ ሲመጣበት ይደናገጣል።

የጉዞው ቀን ከመውለጃው ቀን ጋር ይቀራረብ። ልጅቱ ኦክቶበር ላይ የምትወልድ ሆኖ ጉዞው ጁላይ ላይ ከሆነ ደብዳቤውና ደብተሩ አይስማሙም።

አሻራ የአሥሩም ጣት ይወሰዳል፣ ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይጠየቅም። በእርሻና በእንጨት ሥራ የተላገ ጣት መሣሪያው ሊያነበው ይቸገራል። ከቀጠሮው አንድ ሁለት ሳምንት በፊት ጀምረው ማታ ማታ እጃቸውን በቫዝሊን ወይም በቅባት ያለስልሱት፣ በቀጠሮው ዕለት ግን ቅባቱን በደንብ ታጥበው ይግቡ። አንዴ የተሰጠ አሻራ ለ59 ወር ያገለግላል፣ በዚያ ውስጥ ሌላ ማመልከቻ ቢኖር እንደገና ላይጠየቁ ይችላሉ።

ፎቶው 35 በ45 ሚሊ ሜትር፣ ነጭ ወይም ቀላል ግራጫ ዳራ፣ ቅርብ ጊዜ የተነሱት። ሻሽ በሃይማኖት ምክንያት ይፈቀዳል፣ ነገር ግን ፊታቸው ከአገጭ እስከ ግንባር ጥላ ሳያርፍበት መታየት አለበት።

---

ሰከላ መለሰ፦

ኢንሹራንሱ ቀርቷል። ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን፣ በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚያገለግል፣ ድንገተኛ ሕክምናን፣ ታሞ ወደ አገር መመለስንና የሞት ጊዜ አስከሬን መመለስን የሚጨምር መሆን አለበት። በአገር ውስጥ መድን ድርጅቶች ይገኛል። ቀኑ ከሚገቡበት እስከሚወጡበት ይሸፍን፤ የ60 ቀን ጉዞ ይዞ የ45 ቀን ኢንሹራንስ ማቅረብ ፋይሉን ያስመልሳል።

ትኬት ግን አይግዙ። የሚያስፈልገው የመሄጃና የመመለሻ ቦታ ማስያዣ ነው። ቪዛ ሳይወጣ ሙሉ ትኬት መግዛት ግዴታ አይደለም፣ ቢከለከሉ ገንዘቡ ይጠፋል።

---

የማርቆስ ተማሪ ጠየቀ፦

ወደ ጀርመን ለማስተርስ የሚሄድ ሰውም በዚሁ ነው የሚያመለክተው?

---

ዳሞት መለሰ፦

አይደለም ወንድሜ፣ ይህን እንዳታምታታ። እስካሁን የተነጋገርንበት የአጭር ቆይታ ቪዛ ነው፣ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን። ትምህርት ከዚያ ስለሚበልጥ ብሔራዊ ቪዛ ነው የሚያስፈልገው፣ ዲ ቪዛ ይባላል፣ ለጀርመን 75 ዩሮ ነው። በጥየቃ ቪዛ ገብቶ እዚያ ወደ ተማሪ መለወጥ ለእኛ ዜጎች አይሆንም። የዩኒቨርሲቲ ቅበላ፣ ኢንሹራንስና የታገደ የባንክ ሒሳብ ይጠየቃል። የታገደው ሒሳብ ለዓመት 11,904 ዩሮ ነው፣ በየወሩ 992 ብቻ እንዲወጣ ሆኖ የተቆለፈ። ሙሉ ነፃ ትምህርት ያገኘ ሰው በእሱ ፈንታ የስኮላርሺፑን ደብዳቤ ያቀርባል። ዲግሪህ ከባሕር ዳር ወይም ከማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚያረጋግጡበትን ጊዜ አስቀድመህ አስላ። የ45 ቀኑም ደንብ ዲ ቪዛን አይመለከትም፣ ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል።

---

ደጀን በር መለሰ፦

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር ልጨምር። ኢትዮጵያ በአውሮፓ ኤርፖርት ውስጥ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቅባቸው 12 አገሮች አንዷ ናት። ከቦሌ በፍራንክፈርት አድርጎ ወደ ሦስተኛ አገር የሚበር ሰው ከኤርፖርቱ ባይወጣም ይህ ይመለከተዋል። ነፃ የሚሆነው የሚሠራ የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የጃፓን ወይም የሸንገን ቪዛ ያለው ነው። በሁለት የሸንገን ኤርፖርት፣ ለምሳሌ ከፍራንክፈርት ሊዝበን አድርጎ የሚያልፍ ግን ወደ ሸንገን ግዛት ገባ ማለት ስለሆነ የትራንዚቱ ቪዛ አይበቃውም። ርካሽ ትኬት ስታዩ መንገዱን አንብቡ። አየር መንገዱ ቦሌ ላይ ቼክ ኢን ሲደረግ ነው የሚያስቀረው።

---

ዲማ ጠየቀ፦

ከገዳማችን አንድ የቅኔ መምህር ጣሊያን ያለ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለንግሥ በዓል ጋብዟቸዋል። ደመወዝም መሬትም በስማቸው የለም። ምን ያቀርባሉ?

---

ጣና ዳር መለሰች፦

ጋባዡ ቤተ ክርስቲያን በዚያ አገር ህጋዊ ምዝገባ ያለው መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ከግብዣው ጋር ይላክ። ግብዣው ላይ የበዓሉ ቀን፣ የሚያርፉበት ቤት፣ ወጪውን ማን እንደሚችል በግልጽ ይጻፍ። ከዚህ በኩል ሀገረ ስብከቱ በምን ማዕረግ እንደሚያገለግሉ፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ፣ ስንት ደቀ መዛሙርት እንዳሏቸውና ከበዓሉ በኋላ ወደ ጉባኤያቸው እንደሚመለሱ ይጻፍላቸው። ጉባኤ ዘርግቶ የሚያስተምር መምህር የሚመለስበት ነገር አለው፤ ይህን ለማያውቅ መርማሪ ማስረዳት ነው። በቅጹ ላይ ዓላማው ሃይማኖታዊ ተብሎ ይጻፍ እንጂ ቱሪስት አይባል። ለበዓል ሳይሆን ለዓመት ሊያገለግሉ ከተፈለገ ይህ ቪዛ አይሆንም፣ ብሔራዊ ቪዛ ነው።

---

ቢቸና ጠየቀ፦

ከተከለከሉስ?

---

ጮቄ መለሰ፦

የክልከላ ወረቀት ይሰጣል፣ በላዩ ምክንያቶች በቁጥር ተዘርዝረው በሚመለከተው ላይ ምልክት ይደረጋል። ለእኛ ሰው በብዛት የሚመጡት ሦስት ናቸው። የጉዞው ዓላማና ሁኔታ አልተረጋገጠም፣ በቂ መተዳደሪያ አልታየም፣ እና ቪዛው ሳያበቃ ለመመለስ ያለው ፍላጎት ያጠራጥራል የሚሉት።

ወረቀቱን ሳያነቡ በማግሥቱ ያንኑ ፋይል ይዞ መመለስ ያንኑ መልስ ያመጣል። የዓላማው ጉዳይ ከሆነ ጉድለቱ ግብዣውና የዝምድና ማስረጃው ላይ ነው። የመመለሱ ጉዳይ ከሆነ የመሬቱ፣ የቤተሰቡ፣ የሥራው ወረቀት ላይ። ሌላ ማመልከቻ ለማስገባት በህግ የተወሰነ የመጠበቂያ ጊዜ የለም፣ ግን አዲስ ነገር ይዞ መሄድ ነው ትርጉም ያለው።

ይግባኝም አለ፣ ቀነ ገደቡ እንደየአገሩ ነው። ኔዘርላንድ 4 ሳምንት፣ ጣሊያን 60 ቀን። ጀርመን ድሮ ለኤምባሲው በደብዳቤ አቤቱታ ይቀርብ ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ያ ቀርቷል፤ አሁን ያለው በርሊን ፍርድ ቤት መክሰስ ወይም እንደገና ማመልከት ነው። ለጥየቃ እንደገና ማመልከቱ ይሻላል።

---

ደጀን በር መለሰ፦

ቪዛው ወጣ እንበል። ፓስፖርቱን ከተቀበሉበት መስኮት ሳይርቁ የቪዛውን ስቲከር ማንበብ ነው፣ እዚያው ያልተስተካከለ ስህተት አዴት ሆኖ አይስተካከልም። ስሙና የፓስፖርቱ ቁጥር ይመሳከር። ከዚያ «ከ» እና «እስከ» የሚሉ ሁለት ቀኖች አሉ፣ ይህ ቪዛው የሚሠራበት ጊዜ ነው። ሰዉን የሚያሳስተው ለብቻው የተጻፈው የቆይታ ቀን ነው። ብዙ ጊዜ ቪዛው የሚሠራበት ጊዜ ከቆይታው 15 ቀን ይሰፋል፣ አውሮፕላን ቢዘገይ ተብሎ። የሚሠራበት ጊዜ 75 ቀን ሆኖ ቆይታው 60 ከተባለ የሚቆዩት 60 ነው።

አቆጣጠሩ የገቡበትንም የወጡበትንም ቀን ይጨምራል። 30 ቀን የተሰጠው ሰው ጁላይ 5 ከገባ የመጨረሻ መውጫው ኦገስት 3 ነው፣ 4 አይደለም። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ በድንበር ላይ ማህተም በኤሌክትሮኒክ መዝገብ መተካት ጀምሯል፣ ሙሉ በሙሉ የሚሠራው ከኤፕሪል 10 ቀን 2026 ጀምሮ ነው። ፎቶ ያነሳል፣ አሻራን ያመሳክራል፣ ቀኑን ኮምፒውተሩ ራሱ ይቆጥራል። አንድ ቀን ማሳለፍም ይታያል።

የመግቢያ ቁጥሩ 1 ነው። እንግሊዝ፣ አየርላንድና ቆጵሮስ ሸንገን ውስጥ የሉም። ከጀርመን ለሦስት ቀን ለንደን ያለ ዘመድ ጋ ብቅ ልበል ያለ ሰው፣ የእንግሊዝ ቪዛ ቢኖረው እንኳ፣ ወደ ጀርመን መመለሻ የለውም።

ቪዛ መያዝም ብቻውን በር አያስከፍትም። የድንበር ፖሊስ የት እንደሚያርፉ፣ መመለሻ ትኬቱን፣ ኢንሹራንሱን ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ የሰነዶቹ ሙሉ ቅጂ በእጅ ቦርሳ ይሁን፣ በሚጫነው ሻንጣ አይደለም። ቋንቋ ለማይችሉ እናት የልጅቱ ስልክና አድራሻ በትልቁ በጀርመንኛ ተጽፎ ከፓስፖርቱ ጋር ይያዝ።

---

የአዴት ልጅ ጻፈች፦

የመጨረሻ ጥያቄ። ለአራስ ቅቤ፣ ማር፣ ቋንጣ፣ ሽሮና በርበሬ ሊጭኑ ነው። ይገባል?

---

ሰከላ መለሰ፦

ቅቤና ቋንጣ አይገባም። ከአውሮፓ ህብረት ውጭ የሚመጣ የሥጋም የወተትም ውጤት በመንገደኛ ሻንጣ ክልክል ነው፣ አይብም ያው ነው። የተነጠረ ነው፣ የደረቀ ነው ማለት አያድንም። ይወሰዳል፣ መቀጫም ሊኖረው ይችላል። ቅቤው የገባበት ዶሮ ወጥም አይጫን፣ ድርቆሽም ከሆነ ያለ ቅቤና ያለ ሥጋ ይሁን።

ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ክዳኑ የሚጠብቅ ዕቃ ውስጥ ይሁን፣ በሚጫነው ሻንጣ ይግባ፤ በእጅ ቦርሳ ከተያዘ ፍተሻው እንደ ፈሳሽ ቆጥሮ ያስቀረዋል። ሽሮና የተፈጨ በርበሬ ለቤት ፍጆታ የሚሆን ያህል፣ ታሽጎና ስሙ በእንግሊዝኛ ተለጥፎበት ይሂድ። እርጥብ ቅጠል፣ አትክልትና ዘር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ጤና አዳምም ሆነ እርጥብ ጌሾ እዚሁ ይቅር። አረቄ ለአዋቂ 1 ሊትር ነው። ገንዘብ ከ10 ሺህ ዩሮ ጀምሮ ማስመዝገብ ግዴታ ነው።

ቅቤውን ልጅቱ እዚያው ጨው የሌለበት የጀርመን ቅቤ ገዝታ ትጠብቅ። ኮረሪማውን፣ ነጭ አዝሙዱንና አብሹን እናትየው አድርቀው፣ ፈጭተውና አሽገው ይውሰዱላት፤ ማንጠሩን እዚያው ከእናቷ እጅ ታያለች።